በስልኬ የሰማሁት የማንን ስፒከር ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። የድምፅ መሣሪያ ግምገማ ከመጽሔት ወጥቶ የዩቲዩብ ልጆች እጅ ገባ ብሎ ያዝናል። እኔ የምተዳደረው ስፒከርና አምፕሊፋየር እየጠገንኩ ነው። የጸሐፊውን ሐዘን በግማሹ እጋራዋለሁ፤ በግማሹ ግን "ኧረ ተው" ብያለሁ።

መጽሔቶቹ ድሮም ቢሆን ጻድቃን አልነበሩም። አሜሪካዊው ጄ. ጎርደን ሆልት በ1962 እ.ኤ.አ. ስቴሪዮፋይል የተባለውን የድምፅ መሣሪያ መጽሔት የመሠረተው፣ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው መጽሔት ማስታወቂያ ሰጪዎችን ላለማስቀየም ሲለሳለስ አይቶ ስለተማረረ ነው። ዛሬ "ሊንኩ ከታች አለ" የሚለው ልጅ ኮሚሽን ይበላል ብለን ብናማው፣ ሐሜቱ አዲስ አይደለም።

ደግሞ ልጆቹ መጽሔት ያላሳየኝን አሳይተውኛል። ጡንቻማ የሚመስለውን ስፒከር ብሎኑን ፈትተው ይከፍቱታል። ውስጡ አንዲት ካፓሲተር በሙጫ ጠብታ ተለጥፋ ትገኛለች፤ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር የተባለው ክፍል በቃ እሱ ነው። አንዱ ደግሞ የአምፕሊፋየር ቮልዩም እስከ መጨረሻው ዝቅ ሲል የግራው ድምፅ ከቀኙ ቀድሞ እንደሚጠፋ አሳየ። እኔ ጋ ለጥገና የሚመጣው ግማሹ ስሞታ ይኼው ነው። በመጽሔት ግን እምብዛም አላነበብኩትም።

ጠቤ "እስቲ ራሳችሁ ስሙት" ከሚለው ክፍል ጋር ነው። ስፒከሩ ፊት ማይክ ይደቀናል። የክፍሉ ማስተጋባት አብሮ ይገባል። ዩቲዩብ ድምፁን ይጨምቀዋል። በመጨረሻ ከስልኬ ይወጣል፤ የስልኬ ስፒከር ደግሞ የጥፍር ያህል ናት፣ 40 ኸርዝ የሚባል ባስ በዞረበት አልዞረችም። ታዲያ ከሥር "ዋው፣ ባሱ!" የሚለው ሰው ምኑን ሰምቶ ነው?

ሁለት ስፒከር ሲያወዳድሩማ ይብሳል። የአንዱ ድምፅ በአንድ ዴሲቤል (በድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ከፍ ካለ፣ ጆሮ "ጮኸ" አይልም፤ "ጠራ" ነው የሚለው። ጠንቃቃ ገምጋሚ አስቀድሞ በመለኪያ ያስተካክላቸዋል። ማስተካከሉን የሚናገር ግን ስንቱ ነው?

የሚናፍቀኝ ያ ደረቅ የልኬት ገጽ ነው። ስፒከሩ እያንዳንዱን ድምፅ ምን ያህል አጉልቶ እንደሚያወጣ የምታሳይ፣ ከወፍራሙ 20 እስከ ቀጭኑ 20,000 ኸርዝ የተዘረጋች አንዲት መስመር፣ የት ላይ እንደምታብጥ፣ የት ላይ እንደምትሰምጥ። ያለፈውን እትም አጠገቧ ዘርግቼ አስተያያለሁ። በቪዲዮ ብልጭ ብላ ታልፋለች። ቶሎ ብዬ ሳቆማት ደግሞ የማጫወቻው ምልክቶች መጥተው ይጋርዱብኛል።

እና እናንተ ስለ ስፒከር ስትጽፉ ከቪዲዮ ጋር አትሽቀዳደሙ። ዕቃውን ማን እንዳዋሳችሁ፣ በምን ዓይነት ክፍል እንደሰማችሁት፣ ማይኩ ምን ያህል ርቆ እንደተለካ ጻፉልን፤ ግራፏንም አትሙልን። ቦታ ከጠበባችሁ የካርቶኑን ፎቶ ተዉት፤ እሱን በቪዲዮ አይተነዋል።

አክባሪያችሁ፣
የድምፅ መሣሪያ ጠጋኝ