ውሃው የሚገባው በመስኮቱ ነው፦ ለእድራችን ምድር ቤት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ ለአካባቢያችን ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በውጭ አገር ለምትኖሩ የሰፈራችን ልጆች፦

ከአያት ባሻገር ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለው የእድራችን አዳራሽ ምድር ቤት ባለፈው ክረምትም ውሃ ገብቶበታል። ድንኳኖቹ ሻግተዋል፤ አንዱን ለለቅሶ ስንተክለው ሽታው ከሐዘንተኛው ፊት የሚያሳፍር ነበር። በተማሪዎች ማንበቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ ደግሞ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቡናማ መስመር ይታያል። ቀለም ተቀብቶበት ነበር፤ መስመሩ ተመልሶ ወጣ።

ብዙ ሰው ውሃው ከወለሉ ሥር የሚመነጭ ይመስለዋል። አይደለም። ዝናብ ሲጥል ወርዶ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ለአራቱ መስኮቶች ብርሃን እንዲገባ ከግድግዳው ውጭ የተቆፈሩት ጉድጓዶች እንደ ገንዳ ይሞላሉ፤ ከዚያ ውሃው በመስኮቱ ደፍ ላይ አልፎ ወደ ውስጥ ይወርዳል። የጉድጓዶቹ አፍ ከመሬቱ እኩል ነው፤ ግርጌያቸው ላይ ያለችውን ቀዳዳ የባህር ዛፍ ቅጠል ደፍኗታል። በዚህ ላይ የጣሪያው አሸንዳ የሚያወርደው ውሃ እዚያው አጠገብ ይፈሳል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያችን 300 ካሬ ሜትር ስለሆነ 30 ሚሊሜትር የሚጥል አንድ ኃይለኛ ዝናብ 9,000 ሊትር ያወርዳል፤ ግማሹ የሚፈሰው መስኮቶቹ ባሉበት ጎን ነው።

ጉድጓዶቹን ጥልቅ አድርገን ጠጠር ብንሞላባቸው አይበቃም ወይ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። በሌላ አፈር ላይ ይበቃ ይሆናል። የእኛ ግን ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል፣ ካበጠ በኋላ ውሃ አያሰርግም፤ ይባስ ብሎ መሠረቱን ይገፋል። ፓምፕ እንግዛ ያሉም አሉ፤ መብራት የሚጠፋው መቼ እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን። በላሜራ ክደኑት የሚለውም ክፍሉን ያጨልማል፤ ጉድጓዶቹ የተቆፈሩት ለብርሃን መሆኑ ተረሳ!

ስለዚህ ሥራው ከውጭ ነው። የጉድጓዶቹ አፍ በብሎኬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በዙሪያው ያለው መሬት በየሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር እየወረደ ከግድግዳው እንዲርቅ ይስተካከላል። የአሸንዳው ውሃ በቱቦ ተይዞ ይርቃል። አዳራሹ ተዳፋት ላይ በመሠራቱ ከጉድጓዶቹ ግርጌ የሚነሳው ቱቦ ያለ ፓምፕ ወርዶ ከታች ካለው የመንገድ ቦይ ይደርሳል። ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ዘንበል ያለ የፖሊካርቦኔት ክዳን ይገጠማል። ክዳኑ ቁልፍ ሳያስፈልግ ከውስጥ መከፈት አለበት፤ ልጆች የሚቀመጡበት ክፍል ነውና በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የሥራው ግምት 210,000 ብር ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ከእድሩ ካዝና 70,000 ብር ፈቅዷል፤ ቀሪው 140,000 ብር ከእናንተ ይጠበቃል። ከእያንዳንዱ ቤተሰብ 1,000 ብር ብናገኝ ይሞላል፤ የተቸገረ ቤተሰብ ግን በጉልበቱ ይርዳን፣ ማንም አይጠይቀውም። ጠጠር፣ ሲሚንቶ ወይም ቱቦ በዓይነት መስጠት የምትችሉም ብትኖሩ ደስ ይለናል፤ ሆኖም ከመግዛታችሁ በፊት ኮሚቴውን አነጋግሩ፤ የቱቦው ስፋት ከተለያየ አይገጥምም።

ቁፋሮው በግንቦት ማለቅ አለበት። ክረምት በቀን መቁጠሪያ ሰኔ 26 ይግባ እንጂ ዝናቡ ቀድሞ ይመጣል፤ ጥቁር አፈር ከራሰ ደግሞ ዶማም አካፋም ጭቃ ከመሸከም በቀር ሌላ ሥራ አይሠሩም።

ገንዘቡን በእድሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ማስገባት ይቻላል፤ ቁጥሩ በአዳራሹ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። በእጅ የምትሰጡ ለገንዘብ ያዡ ብቻ ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉም አትሂዱ።