አባታችን ለራሳቸው ያልገዙት ማሽን፦ የድጋፍ ጥሪ

አባታችን ባረፉ ሰሞን የወርክሾፓቸውን መሳቢያ ስንከፍት ጥራዙ በኮላ የተጠገነ የተማሪ ደብተር አገኘን። የውሰት መዝገብ ነው። ማን መሮ ወሰደ፣ ማን መጋዝ፣ መቼ መለሰ፤ ሁሉም በእርሳስ ሰፍሯል። የተመለሰው ተሰርዟል፤ ያልተሰረዙ 17 መስመሮች ነበሩ። የደብተሩ ወሬ ሲሰማ ሰዎች ዕቃውን እየያዙ መምጣት ጀመሩ። አንድ ጎረቤታችን መላጊያውን የመለሰው በዘጠነኛ ዓመቱ ነው። ምላጩን ስሎ ስላመጣው ምንም አላልነውም።

ይህን የምጽፍላችሁ የመጀመሪያ ልጃቸው ነኝ። ከእናቴና ከወንድሞቼ ጋር ተነጋግረን ወርክሾፑ እንዳይሸጥም እንዳይከራይም ወስነናል። እሳቸው በአንድ ደብተር ሲያካሂዱት የኖሩትን ሥራ እንቀጥልበታለን፦ የሰፈሩ ሰው መሣሪያ የሚዋስበት፣ ወጣቶች የእንጨት ሥራ የሚማሩበት የጋራ ቤት ይሆናል። ቤቱንና መሣሪያውን ቤተሰቡ ሰጥቷል። የጎደለውን እንድትሞሉልን ነው የምንጠይቃችሁ።

አባታችን ቀን የሰው ሥራ፣ ማታ የቤታቸውን ሥራ የሚሠሩ አናጺ ነበሩ። ያጠናንበት ጠረጴዛ እግሮቹ ሁለት ሁለት ቦታ የተቀጠሉ ናቸው። ቁመታችን በጨመረ ቁጥር ያስረዝሙታል፤ ጠረጴዛው ወደ ታናሽ ሲተላለፍ ደግሞ ቅጥሉን አውጥተው ያሳጥሩታል። ምስማርም ኮላም አልነካውም። የአንዱ እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ተቀርጾ በሌላው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በእንጨት ችንካር ይያዛል። ችንካሩን በመዶሻ መታ መታ ሲያደርጉት ይወጣል። የማዕዘንን ነገር ያስተማሩንም በዚያው ጠረጴዛ ነው፦ ከማዕዘኑ በአንዱ ጎን 30 ሳንቲሜትር፣ በሌላው 40 ለክቶ ምልክት ማድረግ፣ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 50 ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ የፓይታጎረስ ቲዎረም ሲመጣ ለእኔ የቆየ ወዳጅ ነበር።

ጻድቅ አድርጌ ላቀርባቸው ግን አልፈልግም። የደነዘ መሮ ያዩ ዕለት ቁጣቸው ለብቻው ነበር። ከዚህ የሚብሰው ለራሳቸው አለመጠንቀቃቸው ነው። «ሥራ ያጓትታል» ብለው የማሽን መጋዙን መከለያ ፈትተው ጥለውት ነበር፤ የግራ አመልካች ጣታቸውን ጫፍ ያጡት ከዚያ በኋላ ነው። ማስክ አያደርጉም። ማታ ሲገቡ ግን አቧራው እኛን እንዳይነካን በር ላይ ቆመው ልብሳቸውን ያራግፋሉ፤ ሌሊት ሲያስሉ ከመኝታችን እንሰማቸዋለን።

የሞቱት በልብ ሕመም ነው፤ አቧራው ገደላቸው ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት አቧራን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል፤ በተለይ ከአፍንጫና ከሳይነስ ካንሰር ጋር የተያያዘ ነው። በመጥረጊያ የምንሰበስበው ሰጋቱራ አይደለም ዋናው ችግር። ዓይን የማያየው ደቃቁ አቧራ አየር ላይ ለረጅም ጊዜ ይንሳፈፋል፣ እስከ ሳንባ ጥልቀት ይገባል። ማስክ ይረዳል፤ ዋናው መከላከያ ግን አቧራውን ሳይበተን እዚያው ከመጋዙ ጥርስ ሥር የሚስብ መምጠጫ ማሽን ነው። አባታችን ይህን ያውቁ ነበር። ለማሽኑ ብለው ሁለት ጊዜ ገንዘብ አጠራቅመዋል። አንደኛው የእኔ፣ ሁለተኛው የታናሽ ወንድሜ የትምህርት ክፍያ ሆነ።

የዚህ ጥሪ ዋና ጥያቄ እንግዲህ ያ ማሽን ነው። የሰው ልጅ አምጥተን እሳቸው በተነፈሱት አየር ውስጥ ልናስተምር አንችልም። የሚሰበሰበው ገንዘብ በመጀመሪያ ለአቧራ መምጠጫውና ለቧንቧዎቹ ይውላል፤ ቀጥሎ ለሁለቱ መጋዞች መከለያ፣ ለዓይን መከላከያ መነጽርና ለማስክ። እነዚህ ሳይሟሉ ትምህርት አይጀመርም፤ ብሩ ካነሰ መክፈቻውን እናዘገያለን እንጂ ቅደም ተከተሉን አንቀይርም። የኤሌክትሪክ መስመሩን አንድ ጎረቤታችን ያለ ክፍያ አድሶልናል። እሳቸው ያሠለጠኗቸው ሁለት አናጺዎችም በሳምንት ሁለት ምሽት በነጻ ለማስተማር ቃል ገብተዋል።

የባንክ ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰዎች ፊርማ ሲሆን ሁለቱ ከቤተሰቡ ውጭ ናቸው። ቁጥሩን ከኮሚቴው አባላት ታገኛላችሁ። ደረሰኝ ለእያንዳንዱ ሰጪ ይቆረጣል፤ የወሩ ገቢና ወጪ በወርክሾፑ በር ላይ ይለጠፋል።

ገንዘብ ያልተመቸው ሰው መሣሪያ ቢያመጣ ደስ ይለናል። የዛገ መሮ አትናቁ፤ ዝገቱ ይለቃል፣ ስለቱም ይመለሳል። ጣውላም እንቀበላለን፤ አሮጌ ቀለም የተቀባ እንጨት ግን ይቅርብን፣ የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ አቧራው አደገኛ ነው። አንድ ቅዳሜ መጥቶ ግድግዳ የሚቀባልንም ሰው እንፈልጋለን። በደብተሩ ላይ ስማችሁ ያለ ደግሞ ዕቃውን ይዛችሁ ኑ፤ ለምን ዘገየ የሚል ጥያቄ የለም።

በወርክሾፑ ጓሮ፣ ከመጠለያው ሥር፣ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያላቸው ጣውላዎች ተደርድረዋል። ንፋስ እንዲገባ በየመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት ተነጥፏል። በአየር የሚደርቅ ጣውላ በግምት ለየ2.5 ሳንቲሜትሩ አንድ ዓመት ይፈልጋል። አባታችን የደረደሩበትን ቀን በጣውላዎቹ ጫፍ ላይ በእርሳስ ጽፈውታል፤ ከሥሩ «አትንኩ» የሚል አለ። ሁለት ዓመቱ የሚሞላው በሚቀጥለው ወር ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የራሳቸውን የሥራ ጠረጴዛ ከእነዚያ ጣውላዎች እንዲሠሩ አስበናል። መጋዙ ሲነሣ ማሽኑ ተተክሎ እንዲጠብቀን እርዱን።