ጨረሩ ካለቀ በኋላስ? ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከአፍንጫ ጀርባ የሚነሳ ካንሰር ይዟቸው ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ መጡ፤ ዘመድ ቤት ተቀምጠው በ7 ሳምንት ውስጥ 35 ጊዜ ጨረር ወሰዱ። በመጨረሻው ቀን «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጨርሰዋል» ተባሉ። ቤታችን በእልልታ ተቀበልናቸው። ካንሰሩ እስካሁን አልተመለሰም። ያከሟቸውን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን የምጽፍላችሁ ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነው።

መጀመሪያ የጠፋው ምራቃቸው ነው። ጨረሩ የምራቅ ዕጢዎችን ይነካል። ያለ ምራቅ ደግሞ እንጀራ አይወርድም፤ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። በርበሬውማ አይታሰብም፣ ያቃጥላል። ቀጥሎ መንጋጋቸው እየጠነከረ መጣ። ጤነኛ ሰው ሦስት ጣቱን ደርቦ አፉ ውስጥ ማስገባት ይችላል። የአባቴ አፍ ከአንድ ጣት በላይ አያስገባም። አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው ልታጎርሳቸው እጇን ዘረጋች። አፋቸው አልከፈት አለ። እጇን ይዘው ሳሙት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከመሶቡ ርቀው፣ ለብቻቸው አጥሚት ይጠጣሉ። አፍ የመክፈት እንቅስቃሴ ቶሎ ቢጀመር ብዙ እንደሚረዳ የሰማነው ዘግይተን ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የጥርሱ ነገር ነው። ምራቅ የሌለው አፍ ጥርሱ ቶሎ ይበሰብሳል። አባቴም የታችኛው መንጋጋ ጥርሳቸው ሲያማቸው እዚያው ሰፈር አንድ ክሊኒክ ገብተው አስነቀሉት። ባለሙያው ጨረር ወስደው እንደሆነ አልጠየቃቸውም። እሳቸውም መናገር እንዳለባቸው አላወቁም። ጨረር ያረፈበት የመንጋጋ አጥንት ደም እንደ ድሮው አይደርሰውም፣ ቁስልም በቀላሉ አይሽርም። ወራት አለፉ። ድዳቸው ሳይገጥም ቀረ፣ አጥንቱ ወጥቶ ታየ። መነቀል ያለበት ጥርስ ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት ተነቅሎ ቁስሉ መዳን ነበረበት። ያን ባለሙያ አልወቅሰውም። በአባቴ እጅ እሱ የሚያነበው አንድ ወረቀት እንኳ አልነበረም።

የምለምናችሁ ይህንኑ ወረቀት ነው። የራስና አንገት ጨረር ወይም ቀዶ ሕክምና የጨረሰ ሰው ሁሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈ የክትትል ደብተር ይዞ ይውጣ። እናቶቻችን የልጆቻቸውን የክትባት ካርድ እንዴት አድርገው እንደሚያስቀምጡ ታውቃላችሁ። ይህም እንደዚያ ይጠበቃል።

ሽፋኑ ላይ በትልቁ «ጥርሴን ከመንቀልዎ በፊት ያከመኝን ሆስፒታል ያማክሩ» ይባል። ጨረሩ የት እንዳረፈና መጠኑ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ካንሰሩ ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ስለሆነ፣ በእነዚያ ዓመታት ቀጠሮው ሳይራራቅ ከነቀኑ ይቀመጥ። በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ የሚደረገው የታይሮይድ (አንገት ላይ ሆርሞን የሚያመርተው ዕጢ) የደም ምርመራም አይረሳ። አባቴ ይደክማቸው ነበር፤ በሚያዝያ ፀሐይ ጋቢ ደርበው ይቀመጡ ነበር። እርጅና ነው ብለን ተውነው። ለካ ጨረሩ የነካው ይኸው የአንገታቸው ዕጢ ሆርሞን ማምረት ቀንሶ ኖሯል። አሁን በቀን አንድ ኪኒን ይውጣሉ፣ ደህና ናቸው። ለእንዲህ ያለው ምርመራ 300 ኪሎ ሜትር መመላለስ ግን አድካሚ ነው፤ በቅርብ ሆስፒታል ይሠራላቸው።

ቀጠሮ ስንጠብቅ ያገኘናቸው አንድ ነጋዴ ማንቁርታቸው ወጥቶ አንገታቸው ላይ ባለ ቀዳዳ ይተነፍሳሉ። የሚያወሩት ደብተር ላይ እየጻፉ ነው። ስልካቸው ሲጠራ ዝም ብለው ያዩታል። አንገት ላይ ተይዞ ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ አለ፤ ለእሳቸው ሱቃቸው ውስጥ ከደንበኛ ጋር መነጋገር ማለት ነው። አንድ ቀን ቢወድቁ ደግሞ ኦክስጅን የሚሰጣቸው በአፍ ሳይሆን በአንገታቸው ቀዳዳ መሆኑን የወረዳው ነርስ ከዚያው ደብተር ላይ ያንብብ።

ለብዙ ዓመታት በአገራችን ጨረር ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን ጅማን በመሳሰሉ ከተሞች መጀመሩ እፎይታ ነው። ከየማሽኑ ጎን የጥርስ ሐኪም፣ መዋጥና መናገር የሚያለማምድ ባለሙያም ይመደብ። የጤና መድኑም ጥርስን ከመበስበስ የሚጠብቀውን የፍሎራይድ መድኃኒት፣ የድምፅ መሣሪያውን፣ የክትትሉን ወጪ ይሸፍን።

ሐምሌ 20 የዓለም የራስና አንገት ካንሰር ቀን ነው። ደብተሩ ለሚቀጥለው ሐምሌ ቢደርስ ምንኛ ደስ ባለን። ረቂቁን ብትልኩላቸው አባቴ ለማንበብ ፈቃደኛ ናቸው። አርባ ዓመት የተማሪ ደብተር ሲያርሙ ኖረዋል፤ የትኛው ቃል ለገበሬው እንደማይገባው ወዲያው ያሰምሩበታል።

መልሳችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ታካሚ ልጅ