ቤተ መጻሕፍት እድር የለውም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ግንቦት በምኖርበት ወረዳ በተጠራ የበጀት ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። ነዋሪው ስለ ኮብልስቶን፣ ስለ ውኃ ፈረቃ፣ ስለ ጤና ጣቢያው የመድኃኒት እጥረትና ስለ ሰፈሩ የፍሳሽ ቦይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲናገር ሰማሁ፤ ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነበር። ከአዳራሹ ሁለት መቶ ሜትር የማይርቀውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ሰው ስሙን አላነሣም። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማርሁት እኔም እዚያው ተቀምጬ ዝም ብያለሁ፤ ትዝ ያለኝ ወደ ቤቴ ስመለስ በበሩ ሳልፍ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ሰው አጥቶ ቢሆን ኖሮ ዝምታው ይገባኝ ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባዶ ወንበር አይገኝም። ተማሪዎች በሩ ሲከፈት እየተሽቀዳደሙ ገብተው፣ ደብተር እያስቀመጡ ለጓደኞቻቸው ቦታ ይይዛሉ፤ ቦታ ያጣው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያጠናል። እንግዲህ ተጠቃሚ ሞልቶታል፤ የጎደለው ስለ እርሱ የሚናገር ሰው ነው።

ለምን እንደሆነ ሳስበው አንዱ ምክንያት ከዚያው ከወንበሩ ይጀምራል። እዚያ የተቀመጠው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው የራሱን ደብተር ነው፤ ከቤተ መጻሕፍቱ የሚፈልገውም ጸጥታ፣ ጠረጴዛና መብራት ነው። በአንዲት ክፍል ከታናናሾቹ ጋር ለሚኖር ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ስለሆነ አልንቀውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ለሚያስታውስ ሰው፣ ለአንድ ተማሪ የተገኘች አንዲት ጸጥተኛ ሰዓት ምን ያህል ዋጋ እንዳላት አይጠፋውም። ነገር ግን ልጁ ከፈተናው ማግስት ጀምሮ ወደዚያ አይመለስም፤ ለመመለስ የሚያበቃው መጽሐፍም አልተዋወቀም።

ሁለተኛውና የከፋው ምክንያት መጽሐፉ ከግቢው አለመውጣቱ ነው። ወመዘክርን የመሰለ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ባያውስ ያስኬዳል፤ የአገር ቅርስ ጠብቆ ለትውልድ የማቆየት ኃላፊነት አለበትና። የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ግን ሌላ ነው። በሰፈራችን ለምን እንደማይዋስ ብጠይቅ፣ አንድ ሠራተኛ ሳይደብቅ አስረዳኝ። መጻሕፍቱ እንደ ጠረጴዛውና እንደ ቁም ሣጥኑ በስሙ በፊርማ ገቢ ተደርገውበታል፤ ሲዛወር ቆጥሮ ማስረከብ አለበት፤ የጎደለውም ከእርሱ ይጠየቃል። እንግዲህ ለዚህ ሰው በጣም ደኅና መጽሐፍ ማለት ማንም ያልነካው መጽሐፍ ነው። እርሱን አልወቅሰውም፤ እኔም በቦታው ብሆን ቁልፉን አጥብቄ እይዝ ነበር። መጽሐፍን እያነበቡት የሚያልቅ ነገር አድርጎ የማይቆጥረው የንብረት አያያዝ ልማዳችን ነው ያሰረው። በዓመት ጥቂት መጻሕፍት በመዋስ ምክንያት ቢጠፉ ይህን እንደ አገልግሎቱ ወጪ የሚቀበል መመሪያ ቢኖር፣ ያ ሠራተኛ ከዘበኝነት ወደ ሙያው በተመለሰ ነበር።

ይህን ያህል በውሰት ጉዳይ ላይ የቆየሁት የሕዝብ ድጋፍ ሥሩ እዚህ ስለሆነ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ማኅተም ያረፈበት መጽሐፍ ቤቷ ገብቶ የማያውቅ እናት፣ የልጅ ልጇ የተዋሰውን ተረት ማታ ሲያነብላት ሰምታ የማታውቅ አያት፣ በበጀት ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው ስለ እርሱ እንዲናገሩ መጠበቅ አይቻልም። ሰው የሚሟገተው ቤቱ ገብቶ ስላየው ነገር ነው። የአዳዲስ መጻሕፍት ዋጋ ከብዙ ደመወዝተኛ አቅም በላይ በሆነበት በዚህ ጊዜ ደግሞ መዋስ ቅንጦት አይደለም።

ሕዝቡ ለመጻሕፍት ግድ የለውም የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። በ4 ኪሎ የታነጸው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ መጽሐፍ ለግሱ ሲባል፣ ከተራ ነዋሪ እስከ ታላላቅ ድርጅቶች ድረስ ብዙው ሰው ከመደርደሪያው አውጥቶ ሰጥቷል። (እርግጥ ከምንለግሰው ውስጥ ዘመን ያለፈባቸው የኮምፒውተር መማሪያዎች ጥቂት እንዳልሆኑ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይቅር ይበለን።) ከዚያ በፊትም በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ የሕፃናት መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው የሠሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲከፍቱ ግቢው በልጆች ተሞልቶ ነበር፤ በሐዋሳ ደግሞ መጻሕፍት በአህያ በሚጎተት ጋሪ ተጭነው ወደ ልጆቹ እንዲሄዱ አደረጉ። ስለዚህ ፍላጎቱም ልግስናውም አለ። ችግሩ ልግስናችን የአንድ ሰሞን መሆኑ ነው። ሪባን ሲቆረጥ እንሰበሰባለን፤ በሦስተኛው ዓመት አምፖሉ ሲቃጠል፣ ጋዜጣ መግዣ ሲጠፋ፣ የቅዳሜው አገልግሎት በሠራተኛ እጥረት ሲታጠፍ ግን ማንም የለም።

ይህን ድካም ሌሎችም አውቀውታል። አሜሪካዊው ባለ ሀብት አንድሩ ካርኔጊ ከ2,500 ለሚበልጡ ቤተ መጻሕፍት ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰጥ፣ ከተማው ቦታውን እንዲያቀርብ፣ ከዚያም የስጦታውን 10 በመቶ የሚያህል ገንዘብ በየዓመቱ ከራሱ ገቢ ለማስኬጃ እንዲመድብ አስቀድሞ ያስፈርም ነበር። 100,000 ዶላር የተቀበለ ከተማ በየዓመቱ 10,000 ዶላር ያወጣል ማለት ነው። ይህን ግዴታ አንገባም ብለው ስጦታውን የተዉ ከተሞችም ነበሩ። ከሕንፃው ይልቅ ውሉን አደንቃለሁ፤ ነዋሪው ቤተ መጻሕፍቱን በየዓመቱ እንዲያስበው ያስገድዳልና። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የሲያትል ከተማ ነዋሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2019 ለቤተ መጻሕፍቶቻቸው በሰባት ዓመት ውስጥ ወደ 219 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገባ የንብረት ግብር በራሳቸው ላይ እንዲጣል ድምፅ ሰጥተዋል። ከዚያ ገንዘብ የተነሣ መጽሐፍ ላዘገየ ተዋሽ ይጣል የነበረው መቀጮ ቀርቷል። ግብር ጨምሩብን የሚል ሕዝብ በአንድ ሌሊት አልተፈጠረም።

እኛ ግብር ላይ ድምፅ አንሰጥም፤ ይሁን እንጂ እነርሱ የሌላቸው እድር አለን። እድር የአባላት መዝገብ፣ የታወቀ ዳኛ፣ በየወሩ የማይቀር ስብሰባና ከሁሉ በላይ የሰፈሩ እምነት አለው። ወረዳውም ስብሰባ ሲጠራ መጀመሪያ የሚልከው ለእድር መሪዎች ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል አለው፤ ቤተ መጻሕፍት በዝምታ ሲሞት ግን የሚያለቅስለት የለም። በየሰፈሩ ያሉ እድሮች ሁለት ሁለት ሰው ወክለው ለአጠገባቸው ቤተ መጻሕፍት የወዳጆች ኮሚቴ ቢያቋቁሙ፣ ኮሚቴውም ከመዋጮ ይልቅ ጥያቄ ይዞ ቢነሣ፣ ማለትም ለመጽሐፍ መግዣ የተያዘው ገንዘብ ስንት እንደሆነና የት እንደዋለ በየበጀት ውይይቱ ቢጠይቅ፣ መዋስ እንዲፈቀድ ተዋሹን በእድር አባልነቱ ዋስ ሆኖ ቢያቀርብ፣ ያ ሠራተኛም ቁልፉን ለማላላት ድፍረት ያገኛል። ከፍ ወዳለ ማኅበር ማደግ የፈለገም በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ተመዝግቦ ጥብቅና መቆም ይችላል።

ኑሮ በከበደበት ሰዓት ይህን ማንሣት ቅብጠት ነው የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። በዚያ አዳራሽ የተነሡት ጥያቄዎች ግን አንዱ ሌላውን አልከለከለውም፤ ቦዩም መድኃኒቱም ተራ በተራ ተመዝግበዋል። ያልተመዘገበው ያልተጠየቀው ብቻ ነው።

ከጋዜጣችሁ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በየሳምንቱ ከአንድ ዓምድ ጥግ ቆርሳችሁ ስለ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጻፉ፤ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ባለፈው ዓመት ስንት አዲስ መጽሐፍ እንደገዛ፣ ያውስ እንደሆነና እንዳልሆነ። እኔ በበኩሌ በመጪው ወር የእድራችን ስብሰባ ላይ ጉዳዩ በአጀንዳ እንዲያዝልኝ ለጸሐፊው ነግሬዋለሁ። ከድንኳን ኪራይ ሒሳብ ቀጥሎ አራተኛ ተራ ላይ ጽፎልኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር፣ ከአዲስ አበባ