አባዬ፣ ከደጅ አትቅር

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ከረምክ? የድሬ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ እዚህ አዲስ አበባ የሰኔ ብርድ አቆራምዶናል እንጂ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን።

በስልክ ይህን ነገር ሳነሣብህ «አቦ ተይኝ!» ትለኛለህ፣ ወሬውም እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ልጻፍልህ አልኩ። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

እማዬ ሁሉንም ነግራኛለች። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጫቱን ትተህ ነበር አሉ። ከምሳ በኋላ ፍራሹ ሳይነጠፍ፣ ቴርሞሱ ሳይሞላ፣ ዳዊትህን ይዘህ በረንዳው ላይ ትቀመጥ ነበር። ከዚያ የድሮ የባቡር ጓደኞችህ መጡ። አንዱ እስሩን ፈታ፣ ለጋ ለጋውን መርጦ «ጀባ» አለህ። ተቀበልክ። በነጋታው ቅዳሴ ስትሄድ አልገባህም፤ ከቅጥሩ ውጪ ቆመህ ተሳልመህ ተመለስክ። አሁን ጭራሽ መሄዱንም ትተሃል። ለእማዬም «እኔ ለዚያ ቦታ የምሆን ሰው አይደለሁም» ብለሃታል።

ስለ ጫቱ አልከራከርህም። እንደሚጎዳህ ከእኔ በላይ ታውቃለህ፤ ንስሐ አባትህም ነግረውሃል። እንቅልፍ የነሣኝ ከደጅ መቅረትህ ነው።

ፈታኙ እኮ ሁለቴ ነው የሚመጣው፣ አባዬ። መጀመሪያ «አንዴ ምን አለበት?» እያለ ነገሩን ያቀለዋል። ከወደቅን በኋላ ደግሞ ተገልብጦ «አንተማ አለቀልህ፣ በምን ዓይንህ ታየዋለህ?» ይላል። ለእኔ ሁለተኛው ይብሳል። የመጀመሪያው የወሰደብህ አንድ ከሰዓት ነበር። ሁለተኛው ቅዳሴህን፣ ጸበልህን፣ ንስሐ አባትህን ሁሉ ነው የወሰደብህ።

መፈተን በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ጌታችን ባልተፈተነ ነበር። 40 ቀን ጾሞ በተራበ ጊዜ ነው ሰይጣን የቀረበው፤ ከመዝሙረ ዳዊት ሳይቀር እየጠቀሰ። ለዚህ ነው ሐዋርያው በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ በድካማችን የሚራራልን፣ ከኃጢአት በቀር በነገር ሁሉ እንደ እኛ የተፈተነ ሊቀ ካህናት አለን ያለው። ድካማችን ለእርሱ እንግዳ አይደለም።

ጴጥሮስን ደግሞ አስበው። በዚያች ሌሊት ሰዎቹ በሊቀ ካህናቱ ግቢ የፍም እሳት አንድደው ይሞቁ ነበር፤ እሱም አብሯቸው ቆሞ ይሞቃል። አንዲት የበር ጠባቂ ገረድ ጠየቀችው። ወታደር አይደለችም፣ ዳኛ አይደለችም። ካደ። ዶሮ ሳይጮኽ ሦስቴ ካደ። ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታ ሲጠብቃቸው ምን አዘጋጅቶ ነበር? ፍም፣ በላዩም ዓሣ፣ እንጀራም። እሳት ዳር ቆሞ የካደውን ሰው እሳት ዳር አስቀምጦ አበላው። «ለምን ካድከኝ?» የሚል ጥያቄ በወንጌሉ የለም። ሦስቴ «ትወደኛለህን?» አለው፣ ሦስቴም በጎቹን አደራ ሰጠው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ይሁዳም ተጸጽቶ ነበር እኮ፤ 30ውን ብር መልሷል። ግን ብሩን ይዞ የሄደው ወደ ካህናቱ ነው። እነሱም «እኛስ ምን አግዶን?» ብለው ፊታቸውን አዞሩበት። ወደ ጌታው ቢመለስ ኖሮ ብዬ ሁሌ አዝናለሁ።

ሰኔ 24 የሚታሰበውን ሙሴ ጸሊምን ታውቀዋለህ። ሽፍታ የነበረው። መንኩሶም ፈተናው አልለቀቀውም። በጭንቅ ወደ አባ ኤስድሮስ ሲሄድ አባ ጣሪያ ላይ አወጡት። በምዕራብ በኩል ሊዋጉ የተሰለፉ አጋንንት አየ። ወደ ምሥራቅ ሲዞር ግን ከእነሱ የሚበዙ መላእክት ቆመው ነበር። ከዚያ ወደ በዓቱ ተመለሰ፣ ትግሉንም ቀጠለ።

አንተ ያን ሁሉ ዓመት ባቡር ነድተሃል። ጭነት የያዘ ባቡር ፍሬን ቢያዝም ብዙ መንገድ ሄዶ ነው የሚቆመው ትለን ነበር። የስንት ዓመት ልማድ በአንድ ጾም ካልቆመ ፍሬኑን ልቀቀው ማለት ነው እንዴ?

አሁን የሰኔ ጾም ላይ ነን። ፍቺው ሐምሌ 5፣ ያውም የጴጥሮስና የጳውሎስ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ለንስሐ አባትህ ደውልላቸው። አትጨነቅ፣ ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ «ወድቄያለሁ» በላቸው። ቀኖናውን እሳቸው ያውቃሉ። ስግደቱ ጉልበትህን እንደሚያምህም ንገራቸው፣ አትደብቅ። እማዬ አብራህ ትሄዳለች፣ ተነጋግረናል።

እኔም ለሐምሌ 19 ለቁልቢ እመጣለሁ። ትኬቱን ቆርጫለሁ። ነጠላህን አሳጥበህ ጠብቀኝ፤ አንድ ላይ ነው የምንገባው።

የምትወድህ ልጅህ