የታሪክ ክበብ፦ ካቤሳ የሚሆን ሰው ጠፋ

የታሪክ ክበባችን ዓመቱን የጀመረው በክርክር ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ፊሊፒንስ የተባለችው በስፔኑ ንጉሥ በፊሊፕ ስም ነው» አለች። ሌሎቹ «አገር በሰው ስም ይጠራል እንዴ?» ብለው ሳቁባት። እውነቷን ነበር። በዚያው ገባንበት፤ እስከ ሰኔ አልወጣንም።

ስፔን ፊሊፒንስን በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1565 እስከ 1898 ገዝታለች። ማኒላ ላይ አገረ ገዢ፣ በየአውራጃው ስፔናዊ ሹም ነበር። ከዚያ በታች ግን የሚሾመው የአገሬው ሰው ነው፤ በከተማው ጎበርናዶርሲዮ፣ በሰፈሩ ካቤሳ። ካቤሳነት መጀመሪያ ላይ ለድሮዎቹ የጎሳ አለቆች፣ ለዳቱዎቹና ለልጆቻቸው የተተወ ሹመት ነው። ካቤሳው ከአርባ ሃምሳ ቤተሰብ ግብር ይሰበስባል። «ጭቃ ሹም ነዋ!» አለ አንዱ። ስሙ በዚያው ጸደቀ።

ከሁሉ የተሳካልን ግቢው ውስጥ በኖራ የሳልነው ከተማ ነው። መሀሉ ላይ አደባባይና ቤተ ክርስቲያን፣ አጠገቡ ፕሪንሲፓሊያ የሚባሉት ባላባቶች ቤት፣ ድሃው ዳር ላይ። ሚና ስንከፋፈል ሁሉም አገረ ገዢ ካልሆንኩ አለ። መነኩሴ የሆነው ልጅ ግን ነገሩ ቶሎ ገባው። አገረ ገዢ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ መነኩሴው እዚያው ነው፤ በከተማው ሹመት ላይም ቃሉ ይሰማል። ካቤሳ የሆነችው ልጅ ግብር የምትሰበስበው በባቄላ ነበር። ሒሳቧ ጎደለ። ከራሷ እንድትከፍል ተፈረደባት፤ የዚያን ጊዜውም ደንብ እንዲያ ነበርና። «ካቤሳ እኮ ከግብርም፣ በዓመት 40 ቀን ከሚሠራው የግዳጅ ሥራም ነፃ ነው» ብንላትም አልተጽናናችም። በሚቀጥለው ሳምንት ካቤሳ የሚሆን ሰው ጠፋ።

በ1849 አገረ ገዢው ክላቬሪያ ሕዝቡ ከተዘጋጀ መዝገብ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ አዘዘ። በአንዳንድ ከተማ የሰው ሁሉ ስም በአንድ ፊደል የሚጀምር ሆነ። ልጆቹም ለአንድ ሳምንት ሁላቸውም በ«መ» የሚጀምር ስም ያዙ። ስም ስጠራ ያየሁትን ፍዳ ለእኔ ተዉት።

የኖራውን ከተማ የሰኔ ዝናብ ወሰደው። ባራንጋይ የሚለው የሰፈሩ መጠሪያ ግን ፊሊፒንስ ውስጥ ዛሬም አለ፤ እንደኛ ቀበሌ ማለት ነው። ሒሳብ ያጎደለችው ልጅ ለከርሞ የክበቡ ገንዘብ ያዥ ሆና ተመርጣለች። ባቄላውን ሁለቴ ቆጥራ ነው የተረከበችው።