የአሮጌ ሃይስ ካርቡሬተር ሲቀየር

ክቡር አዘጋጅ፣

በሰሜን ሸዋ መንገዶች ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ የቆዩ የቤንዚን ሃይሶች (የቶዮታ ሚኒባሶች) ካርቡሬተራቸው፣ ማለትም ቤንዚንን ከአየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ፣ ሲያረጅ «ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል» ተብሎ ግቢ ውስጥ ይቆማሉ። አለዚያም ባለቤቱ ተበድሮ አዲስ ይገዛና መኪናው ከበፊቱ ብሶ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ቤንዚን ይጠጣል። ዕቃው አልጠፋም። ብዙ ጊዜ ስህተቱ የሚመጣው ምኑ ተለክቶ እንደሚገዛና በእኛ ከፍታ ላይ እንዴት እንደሚስተካከል ካለማወቅ ስለሆነ፣ ለባለንብረቶችም ለሻጮችም እንዲደርስ ይህን ጽፈናል።

ከሁሉ በፊት ጥፋቱ የካርቡሬተሩ መሆኑ ይረጋገጥ። የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ፣ የካንዴላውን እሳት የሚያስነሣው ፑንቲና መበላት፣ ክፍተቱ ከልኩ የጠበበ ባልቮላ (የሞተሩ ቫልቭ) ሁሉም ካርቡሬተር የተበላሸ ያስመስላሉ። አብዛኞቹ የቶዮታ ካርቡሬተሮች ቤንዚን በሚጠራቀምበት ክፍል ላይ ትንሽ ክብ መስታወት አላቸው። ሞተሩ ሲሠራ ቤንዚኑ መስታወቱ መሃል ላይ መታየት አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ የቤንዚኑን መግቢያ የምትዘጋው መርፌ አትዘጋም ወይም መርፌዋን የሚገፋው ተንሳፋፊ ውስጥ ቤንዚን ገብቶ ከብዷል። ይህ በጥገና ኪት (በትናንሽ መለዋወጫዎች ስብስብ) ይድናል፤ ሙሉ ካርቡሬተር አያስገዛም።

በኪት የማይድነው የዘንግ መበላት ነው። ታች ያለውን የአየር ክዳን የምታዞረውን ዘንግ በጣት ይዞ ወደ ጎን መነቅነቅ ነው፤ ከተንገጫገጨች በዳርና ዳሯ አየር ትስባለች፣ ሚኒሞም (ጋዝ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) በምንም ብሎን አይረጋም። ሞተሩ እየሠራ በዘንጉ ጫፎችና በካርቡሬተሩ ሥር ጥቂት ውኃ ሲረጭ ድምፁ ከተለወጠ አየር የሚገባው በዚያ ነው። በውኃ እንጂ በቤንዚን አይሞከር፤ መኪና የሚያቃጥል ሙከራ ነው። የዘንጉ ቀዳዳ ግን ጎበዝ ቶርኖ ቤት ሰፍቶት የነሐስ ቡሽ ቢገባበት ዕድሜ ይሰጣል። የድሮው ኦሪጅናል አካል በዚህ መልክ ቢታደስ ልኩ ካልታወቀ አዲስ ቅጂ እንመርጠዋለን። አሮጌውን ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ የሚሰጥ ሰው ከእጁ የሚወጣው ምን እንደሆነ ይወቅ።

መግዛት ግድ ከሆነ የሚጠየቀው «የሃይስ ካርቡሬተር» አይደለም። 3ዋይ እና 1አርዜድ የተባሉት የቶዮታ ሞተሮች ሁለቱም 2,000 ሲሲ ገደማ ናቸው፣ ሁለቱም ሃይስ ላይ ይገኛሉ፣ ካርቡሬተራቸው ግን አንድ አይደለም። ባለ 1,800ው 2ዋይም አለ። የሞተሩ ስም ራሱ ብሎኩ ላይ ተመቷል፤ ሞተር የተቀየረለት መኪና ብዙ ስለሆነ በሞዴሉ ብቻ አይታመን። የቶዮታ የካርቡሬተር ቁጥር በ21100 ይጀምራል፣ ሞተሩን የሚለዩት ቀጥለው ያሉት አምስቱ አኃዞች ናቸው። ወደ አዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ወደ ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው አሮጌውን ቤንዚኑን አፍስሶ ይዞ ይሂድ። እዚያም የአራቱን ብሎን ርቀት፣ አየር የሚያልፍባቸውን የሁለቱን ጉሮሮ ስፋት፣ የጋዝ ሽቦው የሚታሰርበትን ጎን፣ ቾኩ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር የሚቀንሰው ክዳን) በሽቦ ይሁን አውቶማቲክ፣ የአየር ቱቦ አፎቹን ብዛት አንድ በአንድ ያስተያይ።

ያገለገለ ሲገዛ ክዳኑ ይከፈትና ውስጡ ይታይ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ካለ ውኃ ተኝቶበታል፣ ስስ መንገዶቹም ተበልተዋልና ይተው። ሥሩን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጦ ወረቀት ማስገባት ነው፤ ወረቀቱ በአንድ በኩል ከሾለከ ጠሟል። ሁለተኛውን ጉሮሮ የሚከፍተው ስስ የጎማ ሽፋን ደግሞ እንዲህ ይፈተናል፦ ዘንጉን ገፍቶ የአየር ቀዳዳውን በአውራ ጣት ደፍኖ መልቀቅ። ወዲያው ከተመለሰ ጎማው ተቀዷል።

አሁን ወደ ከፍታው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ናት፣ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ ሸዋ ሮቢት ግን ወደ 1,300 ሜትር ነው። ይህ ሁሉ ልዩነት 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ በባሕር ወለል ካለው ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ለቆላ የተለካ ካርቡሬተር 15 በመቶ ገደማ ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል። ጭሱ፣ የጠቆረው ካንዴላ፣ የዳገቱ ድካም ከዚህ ይመጣል፤ ዕቃው ፎርጅድ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። መፍትሔው ቤንዚን የሚለካባትን የዋናዋን ጄት ቀዳዳ በትንሽ ማጥበብ ነው። 1.06 ሚሊ ሜትር ከሆነች በመንዝና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ብቻ ለሚሠራ መኪና ወደ 1.00 ትውረድ። ሸዋ ሮቢት ለሚመላለስ ግን ይህ አደጋ ነው። ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ባልቮላ ይቃጠላል። ለእርሱ 1.03 ላይ ቆሞ ደጋ ላይ ትንሽ ትርፍ ቤንዚን መታገሥ ይሻላል። ጥቂት ከሠራ በኋላ ካንዴላ ተፈትቶ ይታይ፤ ፈዛዛ ቡና ዓይነት ከሆነ ልክ ነው፣ ጥቀርሻ ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል። ጄትን በሽቦ የሚጠርግ፣ ይባስ ብሎ በመርፌ የሚያሰፋ መካኒክ ካለ እባክዎን ያስቁሙት። በኮምፕሬሰር አየር ብቻ ይጸዳል። የአሮጌው ጄቶችም ይቀመጡ፤ ጥርሳቸው ከገጠመ አዲሱ ላይ የተሻለ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሲገጠም ከሥሩ ያለው ወፍራም ሙቀት ከላካይ ባለበት ይመለስ። ብሎኑ አጠረ ተብሎ ከተጣለ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ባለው ሞቃት የቀወት ሜዳ ላይ ሞተር ጠፍቶ ሲቆም ቤንዚኑ ውስጡ ይፈላል፣ መኪናውም እስኪበርድ አይነሣም። ጓርኒሲዮኑ (በመካከል የሚገባው ማሸጊያ) አዲስ ይሁን፣ ሲሊኮን አይቀባ፤ ቤንዚን ያሟሟውና ቁርጥራጩ ጄት ይደፍናል። አራቱ ዳዶዎች በመስቀለኛ ቀስ በቀስ ይጠበቁ። የቤንዚን ፊልትሮ ሳይቀየር አዲስ ካርቡሬተር መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፣ በተለይ በጀሪካን ለሚቀዳ።

ብዙ ደህና ካርቡሬተር «አይሠራም» ተብሎ የሚመለሰው በአንዲት ሽቦ ነው። ሚኒሞ ላይ ቤንዚን የምትከፍተው ኤሌክትሪክ ቫልቭ ቁልፍ ሲከፈት ጠቅ ማለት አለባት። ሽቦዋ ካልተገናኘች ሞተሩ ጋዝ ሲሰጠው ይሠራል፣ እግር ሲነሣ ይጠፋል። የሚኒሞ ማስተካከያ ብሎን ቀስ ብሎ እስኪቆም ገብቶ ሁለት ዙር ተኩል ይመለስ፤ ሞተሩ ከሞቀና ቾኩ ሙሉ ከተከፈተ በኋላ ከዚያ ተነሥቶ ይስተካከል። ደጋ ላይ ጥቂት ገባ ማለቱ አያስደንቅም። ለደብረ ብርሃን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ደግሞ ከደከመ አውቶማቲክ ቾክ የሽቦ ቾክ የታመነ ነው።

ሻጮችን የምንለምነው ሁለት ነገር ነው፦ ደረሰኙ ላይ የሞተሩን ስም ይጻፉ፣ ሳይገጠምና ቤንዚን ሳይነካው በሦስት ቀን ውስጥ የተመለሰ ዕቃ ይቀበሉ። ከመሐል ሜዳ ወይም ከአታዬ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ የሄደ ሰው ልክ ያልሆነ ዕቃ ታቅፎ መቅረት የለበትም።

ከአክብሮት ጋር፣
በቤንዚን ሞተር ጥገና የተሰማራን ባለሙያዎች
ደብረ ብርሃን